ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር፤ የእጅ ሕክምና ኃይልና ወሰን

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በነገሌ ቦረና፣ እንዲሁም በያቤሎ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱና በመሳሰሉት የቆላ ከተሞች ባሉ የጤና ተቋሞች የወገብና የጀርባ ሕመም የዘወትር አቤቱታ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዱብሉቅና በአካባቢው ባሉት ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ በእርከን ቆመው የውሃውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ለከብቱ ያወጣሉ። በየመንደሩ እናቶችና ልጃገረዶች፣ ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጀሪካን በጀርባቸው ተሸክመው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። በከተሞቹም ጫኝና አውራጁ ከመኪና ላይ ጆንያ ሲያወርድ ይውላል። ወገቡን የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ከመምጣቱ በፊት የወጌሻን ደጅ መርገጡም የተለመደ ነው።

ስለዚህ በዚያ ለሚያገለግል የጤና ባለሙያ ሊሸሸው የማይችለው ጥያቄ አለ። እጅ ለታመመ ጀርባ ምን ሊያደርግለት ይችላል? ምንስ ሊያደርግለት አይችልም? በዚህ ጥያቄ ላይ ሕይወቱን ያሳለፈ፣ ካይሮፕራክቲክ የተባለውንም ሙያ የመሠረተ ሰው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ትምህርት ይዟል፤ አንዱ ከሥራው፣ ሁለተኛው ከስሕተቱ የሚገኝ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፓልመር የተወለደው ማርች 7 ቀን 1845 በካናዳ፣ ዛሬ ኦንታሪዮ በሚባለው ግዛት፣ ከቶሮንቶ በስተምሥራቅ በሚገኝ የገጠር አካባቢ ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተፈጸመበት በ1865 የ20 ዓመት ወጣት ሳለ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ተሻገረ። መደበኛ የሕክምና ትምህርት አልተማረም። በሚሲሲፒ ወንዝ ግራና ቀኝ ባሉት በአይዋና በኢሊኖይ ግዛቶች እየተዘዋወረ ልጆችን አስተማረ፤ ንብ አነባ፤ አትክልት ተከለ፤ በንግድም ኑሮውን ደጎመ። ከዚህ ሁሉ ጋር ስለ ሰውነት አሠራርና ስለ በሽታ የሚጽፉ መጻሕፍትን በራሱ ጥረት ያነብ ነበር።

በ1886 ገደማ ማግኔታዊ ፈውስ ይባል በነበረው ሥራ ተሠማራ። ይኸውም በሕመምተኛው አካል ላይ እጅን በመጫን የሕይወት ኃይልን ማስተላለፍ ይቻላል በሚል እምነት የሚሠራበት ዘዴ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በአይዋ ግዛት በዴቨንፖርት ከተማ ቢሮ ከፈተ። የዘመኑ ሐኪሞች ሜርኩሪ ያለበትን መድኃኒትና ብርቱ ማስቀመጫ ያዙ ስለነበር፣ መድኃኒት የማይሰጥና በእጁ ብቻ የሚሠራ ሰው ፈላጊ አላጣም።

የሕይወቱ መታጠፊያ የሆነው ቀን ሴፕቴምበር 18 ቀን 1895 ነው። በኢትዮጵያ ዐፄ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ ክተት ያወጁበት መስከረም 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ፓልመር ቢሮው በሚገኝበት ሕንፃ ውስጥ በጽዳት ሥራ የሚተዳደር ሃርቪ ሊላርድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ይህ ሰው ከ17 ዓመት በፊት ጎንበስ ብሎ በጉልበት ሲሠራ በጀርባው ላይ አንድ ነገር ሲናድ ተሰምቶት፣ ከዚያ ወዲህ መስማት እንደ ተሳነው ይነገራል። ፓልመር ጀርባውን ዳስሶ ወጣ ያለ የአከርካሪ አንጓ እንዳገኘ፣ አንጓውን በእጁ ገፍቶ ወደ ቦታው እንደ መለሰውና ሊላርድም እንደ ሰማ ጽፏል። በኋላ የሊላርድ ልጅ የሰጠችው ቃል ግን ከዚህ ይለያል። የሰውነትን አሠራር የሚያውቁ ሰዎችም የመስማት ነርቭ ከጆሮ ወደ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ የሚያልፍ እንጂ በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፍ አለመሆኑን አስረድተዋል። ያም ሆነ ይህ፣ ፓልመር በዚያ ቀን ትልቅ ምስጢር እንደ ተገለጠለት አመነ። ሳሙኤል ዊድ የተባለ ቄስ ደግሞ እጅና ሥራ ከሚሉት ሁለት የግሪክ ቃላት አዛምዶ ለአዲሱ ዘዴ ስም አወጣለት።

የጀርባ አጥንትን በእጅ ማቃናት የፓልመር ግኝት አልነበረም፤ እርሱም ይህን አልካደም። ወጌሻ በየአገሩ ነበረ፣ አለም። በአሜሪካም ቢሆን ሐኪሙ አንድሩ ቴይለር ስቲል ኦስቲዮፓቲ የተባለውን የእጅ ሕክምና የሚያስተምር ትምህርት ቤት በ1892 ከፍቶ ነበር። ፓልመር የራሱ ያደረገው ነገር ከእያንዳንዱ አንጓ ላይ ወጣ ወጣ ያሉትን የአጥንት ጫፎች እንደ ማንሻ ተጠቅሞ በአጭርና በፈጣን ግፊት መሥራትን፣ ከዚህም ጋር የተያያዘውን ትምህርት ነው። ትምህርቱም ከ100 በሽታዎች 95ቱ ከቦታቸው ፈቀቅ ባሉ የአከርካሪ አንጓዎች ምክንያት ይመጣሉ፤ የቀሩት 5ቱም የሌሎች መጋጠሚያዎች መናጋት ውጤቶች ናቸው የሚል ነበር። የዚህ ሰው ብርታትና ድካም እዚህ ላይ ይገናኛሉ። እጁ ያገኘችውን ጥቂት እውነት ይዞ ለሁሉም በሽታ አንድ ምክንያት ሰጠ። ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ በ1882 ማግኘቱን ዓለም ቢያውቅም፣ የፓልመር ትምህርት ለተሕዋስያን የዋና ምክንያትነት ቦታ አልሰጣቸውም።

ፓልመር ትምህርት ቤቱን በዴቨንፖርት በ1897 አቋቋመ። ካስተማራቸው መካከል ልጁ ባርትሌት ጆሹዋ ይገኝበታል። በ1906 ያለ ፈቃድ ሕክምና ሠርተሃል ተብሎ ተከሶ ተፈረደበት፤ መቀጫውን ከመክፈል መታሰርን መርጦ ወኅኒ ወረደ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን መቀጫውን ከፍሎ ወጣ። በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቱን ድርሻ ለልጁ ሸጠ። አባትና ልጅም ከዚያ ወዲህ ተቃቃሩ። ሽማግሌው ወደ ኦክላሆማና ወደ ኦሬገን ሄዶ ማስተማሩን ቀጠለ፤ ትምህርቱን የሰበሰበበትን ትልቅ መጽሐፍም በ1910 በፖርትላንድ ከተማ አሳተመ። ኦክቶበር 20 ቀን 1913 በሎስ አንጀለስ ከተማ በ68 ዓመቱ ዐረፈ። የሞቱ ምክንያት ሆኖ የተመዘገበው የአንጀት ተስቦ ነው፤ ይኸውም በተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ነው።

ከሞቱ በኋላ ሙያው ረጅም ሙግት ገጠመው። በዚያው በ1913 የካንሳስ ግዛት ለካይሮፕራክቲክ ባለሙያዎች የፈቃድ ሕግ ደነገገ፤ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጨረሻዋ ሉዊዚያና ይህን ያደረገችው በ1974 ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባሎቹ ከካይሮፕራክቲክ ባለሙያዎች ጋር እንዳይሠሩ በማድረጉ ፍርድ ቤት በ1987 ጥፋተኛ አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሙያው ሥልጠናና ደኅንነት መመሪያ ያወጣው በ2005 ነው። በ2023 ባወጣው ሌላ መመሪያም፣ የተለየ በሽታ ምክንያት ላልሆነበትና ለቆየ የወገብ ሕመም፣ ከትምህርትና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር የአከርካሪ የእጅ ሕክምና አንዱ አማራጭ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ከዚህ ሁሉ ምርመራ ተርፎ የቀረው ከፓልመር 95 እጅ ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ነው። የእጅ ሕክምና ለወገብ ሕመም መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል፤ ጥቅሙም ከአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ጥቅም ጋር ይቀራረባል። ለመስማት ችግር፣ ለአስም ወይም ለተላላፊ በሽታ መድኃኒት መሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

ይህ ልዩነት በቆላው ከተሞች የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አርብቶ አደሩ ያልተፈላ ወተት ይጠጣል፤ የጨነገፈችን ላም፣ ፍየል ወይም ግመል በእጁ ያዋልዳል። በእነዚህ መንገዶች የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የአከርካሪ አጥንትን ሲያጠቃ የሚታየው ምልክት የወገብ ሕመም ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 የገለጸው የአከርካሪ ነቀርሳም እንዲሁ በጀርባ ሕመም ጀምሮ፣ አጥንቱን በልቶና ጀርባውን አጉብጦ፣ እግርን እስከ ማሽመድመድ ይደርሳል። በነቀርሳ የተበላን አንጓ በኃይል የገፋ እጅ ኅብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። የጀርባ ሕመም ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን አደጋ አያየውም።

ስለዚህ ሕመምተኛው ከማንኛውም የአከርካሪ ሕክምና ባለሙያ ሊጠብቅ የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ጥያቄና ምርመራ ነው። ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ካለበት፣ ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ሕመሙ ሌሊት ሌሊት ከባሰበት፣ ከወደቀ ወይም አደጋ ከደረሰበት፣ እግሩ ከዛለ፣ በመቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ከተሳነው፣ እጅ ሳይነካው ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባዋል። ከእነዚህ ምልክቶች ነጻ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ራጅ እንኳ አያስፈልገውም። ሊደረግለት የታሰበው ነገር ተገልጾለት ፈቃዱን ይጠየቃል። በሕክምናው ጊዜ የሚሰማው የመንቋቋት ድምፅ በመጋጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የአየር ክፍተት የሚመጣ እንጂ አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ የሚሰማ አይደለም። ለአንድና ለሁለት ቀን መጠነኛ ሕመም ቢሰማው አያስደነግጥም። አንገትን በኃይል ማዞር ግን አልፎ አልፎ ከደም ሥር መሰንጠቅና ከአንጎል ምት ጋር ተያይዞ ታይቷል። አዲስ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ሳምንት ውስጥ የሚሻል ስለሆነ፣ ለውጥ ሳይታይ ለወራት እንዲመላለስ የሚነገረው ሕመምተኛ ምክንያቱን የመጠየቅ መብት አለው።

ከወጌሻው ጋር ያለውም ግንኙነት በዚሁ መለኪያ ሊታይ ይገባዋል። ወጌሻው የሕዝቡን አመኔታ ያተረፈ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ከሆስፒታሉም ቀድሞ የሚገኝ ሰው ነው። እርሱን መናቅ ሕመምተኛውን ከመደበቅ በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም። ጠብቆ የታሰረ መቃ እጅን ወይም እግርን ደም አሳጥቶ እስከ መቁረጥ እንደሚያደርስ፣ የሚያተኩስ ጀርባም እንደማይታሽ ቀርቦ ማስረዳት ግን የባለሙያው ግዴታ ነው።

ፓልመር ብዙ ሰው ንቆ የተወውን የጀርባ ሕመም ከቁም ነገር ቆጥሮ በእጁ መረመረ፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። ሊላርድን ባከመ በሁለተኛው ወር፣ በኖቬምበር 1895፣ ጀርመናዊው ሮንትገን የራጅን ጨረር አገኘ፤ የፓልመር ልጅም በ1910 ራጅን ወደ ትምህርት ቤቱ አስገባ። አባትየው በዳሰሳ ብቻ ያረጋገጠው የመሰለው ነገር በዚህ መንገድ በሌላ ዐይን የሚፈተንበት ጊዜ መጣ። በነገሌም ሆነ በሞያሌ የሚያገለግል የማኅበሩ አባል የፓልመርን የእጅ ትጋት ሊወርስ ይገባዋል፤ ከትጋቱ ጋር ግን ፓልመር የጎደለውን ጥርጣሬ መጨመር አለበት።