ለእርቅ የጾሙት አዛውንት

ማኅተመ ጋንዲ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1869 በምዕራብ ሕንድ በፖርባንዳር ከተማ ተወለዱ። ጾምን የተማሩት ጽኑ የሂንዱ አማኝ ከነበሩት ከእናታቸው ከፑትሊባይ ነው። በ1888 ሕግ ለመማር ወደ ለንደን ሲያቀኑ ሥጋና መጠጥ ላይቀምሱ ለእናታቸው ምለው ነበርና ቃላቸውን ጠበቁ።

በ1947 ሕንድ ነጻ ስትወጣ ለሁለት ተከፈለች፤ ሂንዱና ሙስሊም ጎረቤታሞችም ደም ተቃቡ። የ78 ዓመቱ አዛውንት ወገኖቻቸው እንዲታረቁ ጃንዋሪ 13 ቀን 1948 በዴልሂ ከእህል ተለዩ። የሂንዱ፣ የሙስሊምና የሲክ መሪዎች ሰላም ለማውረድ ቃል ስለገቡላቸው በ6ኛው ቀን ጾማቸውን ፈቱ።

ከዚያም በ12ኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 30፣ ለማታ ጸሎት ሲያመሩ በገዛ ሃይማኖታቸው ተከታይ ጥይት ተመትተው ወደቁ። አስከሬናቸው እንደ ሂንዱ ሥርዓት በያሙና ወንዝ ዳርቻ በእሳት ተቃጠለ፤ አመዳቸውም ለተቀደሱት ወንዞች ተሰጠ።

በአዲስ አበባ በስማቸው በተሰየመው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ግን እናቶች በሰላም ይገላገላሉ። የጾም ፍጻሜው እርቅ መሆኑን በሕይወታቸው ላሳዩ ሰው፣ አዲስ ነፍስ የሚወለድበት ቤት ተገቢ መታሰቢያ ነው።