በእርሳስ የዘመተው ሠዓሊ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመንን በእርሳሱ እጅግ ያስቸገራት ሰው ከጀርመን ዘር ከሆነች እናት የተወለደ ነበር። ስሙ ሉዊ ራማከርስ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. በሆላንድ አገር ሩርሞንድ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሥዕል ሲያስተምር ከቆየ በኋላ፣ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ዴ ቴሌግራፍ ለተባለው የአምስተርዳም ጋዜጣ የፖለቲካ ሥዕል ይሥል ጀመር።

በ1914 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ቤልጂክን ወርሮ የሉቬንን ቤተ መጻሕፍት አቃጠለ፤ በዲናን ከተማ 674 ሰላማዊ ሰዎችን ገደለ። እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ ስደተኛም ወደ ሆላንድ ጎረፈ። ራማከርስ ይህን ሲያይ ዝም ማለት አልቻለም። ቄሣር ዊልሔልምን የሞት ወዳጅ፣ ወታደሩንም የሰው መልክ የጠፋበት አውሬ አድርጎ ሣለ። የጀርመን መንግሥት አቤቱታ ቢያቀርብ ገለልተኛይቱ ሆላንድ ተጨነቀች። የሠዓሊውን ራስ ላመጣ ወሮታ ይከፈላል የሚል ወሬም ተናፈሰ፤ ማስረጃ ባይገኝለትም ዝናውን አበዛለት።

በ1915 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሎንዶን ሲሻገር የእንግሊዝ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ መሥሪያ ቤት በደስታ ተቀበለው። ሥዕሎቹ በ18 ቋንቋዎች ታተሙ፤ በ1917 ዓ.ም. ራሱ አሜሪካን ዞረ።

እኛ ራማከርስን ውሸታም አንለውም፤ የዲናን ሰዎች በእርግጥ ተገድለዋልና። ነገር ግን የገዳዩን ፊት ሲሥል፣ የእናቱን ዘመዶች ጨምሮ ለአንድ ሕዝብ በሙሉ አንድ ፊት ሰጠ። በእንዲህ ያለ ሥዕል የለመደ ዓይን ማናቸውንም ወሬ ለማመን የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ጀርመኖች የወታደሮቻቸውን ሬሳ እየቀቀሉ ስብ ያወጣሉ የሚለውን ተረት፣ የተማረው ሰው ሳይቀር ተቀበለው። በ1925 ዓ.ም. የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኦስቲን ቻምበርሊን ወሬው መሠረት እንደሌለው በምክር ቤት ፊት ተቀበለ። ሕዝቡም እንደ ተታለለ ቆጥሮ፣ ከሐሰቱ ጋራ የዲናንን እውነት ጭምር ይጠራጠር ጀመር።

ጉዳቱ በሁለተኛው ጦርነት ታየ። በ1942 ዓ.ም. ናዚዎች አይሁዶችን በጅምላ እንደሚፈጁ የሚገልጽ ወሬ ወደ ሎንዶንና ወደ ዋሽንግቶን ሲደርስ፣ የድሮውን የሬሳ ተረት አስታውሰው ያጣጣሉት ባለሥልጣኖች ነበሩ። ይህ ጊዜ ግን ወሬው እውነት ነበር።

ራማከርስ ያን ጊዜ ከናዚዎች ሸሽቶ በአሜሪካ ይኖር ነበር። እንደገና እርሳሱን አነሣ፤ የቀድሞውን ያህል የሚያደምጠው ግን አላገኘም። በ1956 ዓ.ም. በሆላንድ፣ ስኽቬኒንገን በምትባል የባሕር ዳር ስፍራ በ87 ዓመቱ ሞተ።