ሕዝብን ወደ በረሃ የመራው አናጢ
የቶማስ ኩክ አጭር የሕይወት ታሪክ

ባሁኑ ዘመን ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ወዳጆች ተማክረው፥ በአገራቸው ብርዱ በበረታ ጊዜ ወደ ሞቃት የበረሃ አገር ሄደው ጎልፍ ሊጫወቱ ቢያስቡ፥ ነገሩ እምብዛም አይከብዳቸውም። የአውሮፕላኑ ቲኬት፥ የሆቴሉ መኝታ፥ የመጫወቻው ሜዳ ተራ፥ ከጣቢያ የሚቀበላቸው መኪና፥ ምሳና እራቱ ሳይቀር በአንድ ዋጋ ተጠቃሎ ይቀርብላቸዋል። ገንዘቡን አስቀድመው ከፍለው ወረቀታቸውን በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። በማያውቁት አገር፥ ቋንቋውን በማይሰሙበት ሥፍራ፥ አልጋው ተነጥፎ ውሃው ተቀድቶ ይቆያቸዋል። ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ይመስለናል። ነገር ግን አንድ ሰው አስቦ፥ ለፍቶና ተነቅፎ መሠረቱን ያቆመው ሥራ ነው። ይህም ሰው እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ ነው። ተማሪዎችና በመንግሥት ሥራ ላይ የተሰማሩ ወጣቶች ከታሪኩ የሚቀስሙት ቁም ነገር ስላለ፥ ዛሬ ሕይወቱን ባጭሩ ልናወጋ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቶማስ ኩክ በኖቬምበር 22 ቀን 1808 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፥ በደርቢሻየር አውራጃ፥ ሜልቦርን በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት፤ እናቱም ሌላ ባል አገባች። ኑሮአቸው የድኻ ኑሮ ስለ ነበረ ዐሥር ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን አቋረጠና ከአንድ አትክልተኛ ዘንድ በቀን አንድ ፔኒ እየተከፈለው መሥራት ጀመረ። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከአጎቱ ዘንድ ገብቶ የአናጢነት ሙያ ተማረ። እንግዲህ ከቤተ መንግሥት ሰው ወይም ከባለ ብዙ ሀብት ቤት የተወለደ አልነበረም ማለት ነው።

በ1828 ዓ.ም. የባፕቲስት ማኅበር ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ የሚያስተምር ሰባኪ አድርጎ ሾመው። በተከታዩ ዓመት በ1829 ዓ.ም. ብቻ 2692 ማይል መንገድ ሲጓዝ፥ ከዚህ ውስጥ 2106 ማይል የሚሆነውን የሄደው በእግሩ ነበረ። በኋላ ብዙ ሺህ ሰው በባቡርና በመርከብ የሚያመላልሰው ሰው፥ የመንገድን ድካም በመጀመሪያ በገዛ እግሩ እንደ ተማረው ልብ ይሏል። በ1833 ዓ.ም. ማርያን ሜሰን የምትባል ሴት አገባ፤ በ1834 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸው ጆን ሜሰን ኩክ ተወለደ። ይህ ልጅ ኋላ የአባቱ ቀኝ እጅ፥ ከዚያም የአባቱ ኀዘን ምክንያት ሆኗል።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሚሠራው ድኻ ሕዝብ በመጠጥ እጅግ የተጎዳ ነበረ። ደመወዙን በተቀበለበት ቀን መጠጥ ቤት ገብቶ ልጆቹን አስርቦ የሚወጣው ቁጥሩ ብዙ ነው። ኩክ ይህን እያየ መጠጥን ከሚቃወሙት ማኅበሮች ገባ። በጁን 9 ቀን 1841 ዓ.ም. ከሚኖርበት ከማርኬት ሃርቦሮ ወደ ሌስተር ከተማ፥ 15 ማይል ያህል፥ ለማኅበሩ ስብሰባ በእግሩ ሲሄድ አንድ አሳብ መጣለት። የባቡር ሐዲድ አዲስ የተዘረጋበት ጊዜ ነበረና፥ ይህን አዲስ ኃይል ለሕዝቡ ጥቅም ማዋል አይቻልምን? ሲል አሰበ። ድኻው በዕረፍት ቀኑ የሚሄድበት ሌላ ሥፍራ ቢያገኝ መጠጥ ቤቱን ይተወዋል ብሎ አመነ።

ወዲያውም ከባቡሩ ኩባንያ ጋር ተነጋገረ። ነገሩን ስንመረምረው ብልኅነቱ ይታየናል። ባቡር ሰው ቢሞላም ባይሞላም የድንጋይ ከሰሉ ወጪ ያው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብዙ መንገደኛ በአንድ ጊዜ ለማምጣት ዋስትና ከሰጠ፥ ኩባንያው ዋጋውን ዝቅ ቢያደርግ አይጎዳም፤ መንገደኛውም ይጠቀማል። በጁላይ 5 ቀን 1841 ዓ.ም. 500 የሚያህሉ ሰዎች በነፍስ ወከፍ አንድ ሺሊንግ ከፍለው ከሌስተር እስከ ላፍቦሮ ሄደው ተመለሱ። መንገዱ ወደ አንድ በኩል 11 ማይል ያህል ብቻ ነው። የሙዚቃ ጓድ አጅቧቸው ነበር፤ በላፍቦሮም ሻይ ጠጥተው፥ ንግግር ሰምተው፥ ተጫውተው ወደየቤታቸው ገቡ። ጉዞው አጭር ቢሆንም፥ ከዚያ ወዲያ ለመጣው ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

በ1845 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ ለማግኘት ጉዞ አዘጋጀ፤ ይኸውም ወደ ሊቨርፑል ወደብ ነበረ። ዋጋው ለአንደኛ ማዕርግ 14፥ ለሁለተኛ ማዕርግ 10 ሺሊንግ ነው። ከጉዞው አስቀድሞ ራሱ መንገዱን ሄዶ ሆቴሎቹን ተመለከተ፤ ለመንገደኞቹም መሪ የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመላቸው። በ1846 ዓ.ም. ግን 350 የሚሆኑ ሰዎች ወደ ስኮትላንድ ይዞ ሲሄድ ነገሩ አልተሳካለትም። በየጣቢያው ይቀርባል የተባለው ሻይ ሳይቀርብ ቀረ፤ መንገደኛውም አጉረመረመ። የሌላውን ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ለሚያሰናዳ ሰው፥ ሻይ የምታህል ትንሽ ነገር ስትጎድል ትልቁ ሥራ ሁሉ እንደሚነቀፍ በዚህ ጉዞ ታየ።

በ1851 ዓ.ም. በለንደን ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ፥ ልጁ ጆን ሜሰን ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ እየረዳው፥ 150,000 የሚያህል ሕዝብ ከየአውራጃው ወደ ለንደን አመላለሰ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሙሉውን ዋጋ ባንድ ጊዜ ለመክፈል አቅም ስለሌላቸው፥ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚያጠራቅሙበት የቁጠባ ማኅበር ተቋቋመላቸው። በ1855 ዓ.ም. የባሕር ማዶ ጉዞ ጀመረ፤ በቤልጂግና በጀርመን በኩል አድርጎ መንገደኞቹን ወደ ፓሪስ ኤግዚቢሽን ወሰዳቸው። ይህ ጉዞ ኪሳራ አስከተለበት። ቢሆንም አልተወም። በ1863 ዓ.ም. ወደ ስዊስ፥ በ1864 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ ተሻገረ።

እዚህ ላይ ነቀፋው በረታ። ከዚያ በፊት አገር ለአገር መዞር የመኳንንትና የባለጠጎች ወግ ነበረ። አሁን የሱቅ ጸሐፊው፥ የትምህርት ቤት መምህሩ፥ ያላገባችው ሴት ሳትቀር በሮማና በፍሎረንስ ስትታይ ባለጠጎቹ ተቈጡ። በኢጣልያ የእንግሊዝ ምክትል ቆንሲል የነበረው ደራሲው ቻርልስ ሊቨር የኩክን መንገደኞች በመጽሔት አፌዘባቸው። ኩክ ግን የእግዚአብሔር ምድር ለሁሉ የተፈጠረች እንጂ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠች አይደለችም የሚል እምነት ነበረው፤ ስለዚህም አላፈረም።

ከዚህ በኋላ የምንደርሰው ከሕይወቱ ትልቁ ሥራ ላይ ነው። ኩክ መጽሐፍ ቅዱስን እያነበበ ያደገ ሰው ስለ ሆነ፥ ግብፅንና ቅድስት አገርን ለሕዝቡ ለማሳየት ብዙ ዘመን ሲመኝ ኖሯል። ግን በዚያ ወራት ወደ በረሃው አገር መጓዝ የባለጸጋ ሥራ ነበረ። በአባይ ላይ መውጣት የሚሻ ሰው ራሱ የሸራ ጀልባ ተከራይቶ፥ አስተርጓሚውንና መርከበኞቹን ቀጥሮ፥ ስንቁን ገዝቶ፥ በነፋስ ፈቃድ እየተጓዘ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። በእያንዳንዱ ነገር መከራከር አለበት። ቢታለል የሚያግዘው የለም።

ኩክ አልቸኰለም። በ1868 ዓ.ም. መጸው ብቻውን ተነሥቶ ቁስጥንጥንያን፥ ቤይሩትን፥ ያፋንና ግብፅን ዞረ፤ ሆቴሎቹን አየ፥ ከአስተርጓሚዎችና ከመርከብ ኩባንያዎች ጋር ተዋዋለ። ወራቱን መረጠ፤ በረሃ የበጋው ሐሩር ከገባ በኋላ ለእንግዳ የማይቻል ስለ ሆነ፥ ጉዞው በፈረንጆች ክረምት ማለቂያ እንዲሆን ቈረጠ። በዚያው ዓመት ለሆቴል የሚከፈል ኩፖን አውጥቶ ነበር። መንገደኛው ከኩክ ዘንድ ኩፖኑን ይገዛል፤ በሆቴሉ ሲያድር ለባለሆቴሉ ይሰጠዋል፤ ባለሆቴሉም ኋላ ከኩክ ገንዘቡን ይቀበላል። እንግዲህ መንገደኛው ወርቅ በቀበቶው ታጥቆ መዞርና በየምሽቱ በዋጋ መጨቃጨቅ ቀረለት። ነገሩ የቆመው በመተማመን ላይ ነው፤ ባለሆቴሉ የኩክን ስም ካላመነ ኩፖኑ ተራ ወረቀት ነበረ።

በ1869 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠላሳ የሚያህሉ መንገደኞች ይዞ ከእንግሊዝ ተነሣ። ከግብፁ ከዲቭ ከእስማኤል አስተዳደር ቤንሃና ቤኒ ሱወፍ የሚባሉ ሁለት በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች ተከራየ። ሸራ ብዙ ወር የሚፈጅበትን መንገድ እንፋሎቱ በጥቂት ሳምንት አጠናቀቀው። በዚያው ወራት የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ከነባለቤቱ በአባይ ላይ ይጓዝ ስለ ነበር፥ የኩክ ሰዎች ልዑሉን ተከታትለው ይረብሻሉ ተብሎ በጋዜጣ ተነቀፉ። ከግብፅ ቀጥሎ ወደ ፍልስጥኤም ተሻገሩ። በዚያ የባቡር ሐዲድ አልነበረም፤ ከያፋ ወደ ኢየሩሳሌም የመጀመሪያው ባቡር የሄደው ኩክ በሞተበት ዓመት፥ በ1892 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መንገዱ በፈረስና በድንኳን ሆነ። ጭነኞቹ በቅሎዎቹን እየነዱ ይቀድማሉ፤ እንግዶቹ ደክመው ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሎ፥ የብረት አልጋው ተዘርግቶ፥ ምንጣፉ ተነጥፎ፥ ወጥ ቤቱ ሲጤስ ያገኙታል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 17 ቀን የስዌዝ ቦይ ሲመረቅም ኩክ መንገደኞች ይዞ ተገኝቷል።

በበረሃ መካከል አንድ ሰው ውሃ ቢረሳ ራሱን ይጎዳል፤ የብዙ ሰዎች መሪ ቢረሳ ግን ሁሉን ይጎዳል። የጉዞ ዝግጅት ማለት ገና ከቤት ሳይወጡ የመጨረሻውን ማታ ማሰብ ማለት ነው። የኩክ ሙያ ይህ ነበረ።

ከዚያ ወዲያ ሌሎች ተከተሉ። በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ የቆመው ሜና ሃውስ ሆቴል በ19ኛው ምዕት ዓመት ፍጻሜ ላይ የጎልፍ ሜዳ ነበረው። የአገራቸውን ብርድ የሸሹ እንግሊዞች ከፈርዖኖቹ መቃብር ሥር ኳሳቸውን ይመቱ ጀመር። ዛሬ ወደ በረሃ ከተሞች የሚጓዙት የጎልፍ ጓደኞች የእነዚያ ተከታዮች ናቸው።

በ1871 ዓ.ም. ልጁ ሸሪክ ሆነና ድርጅቱ ቶማስ ኩክና ልጁ ተባለ። በሴፕቴምበር 1872 ዓ.ም. አባትየው ጥቂት መንገደኞች ይዞ ዓለምን ሊዞር ተነሣ። አሜሪካን፥ ጃፓንን፥ ቻይናንና ህንድን አይቶ በግብፅ በኩል እስኪመለስ 222 ቀን ፈጀበት። ሲነሣ የ63 ዓመት ሰው ነበረ።

ይሁን እንጂ የሰውን መንገድ ያቃና ሰው የገዛ ቤቱን መንገድ ማቃናት አቃተው። ጆን ሜሰን ትጉህና ጠንቃቃ ነጋዴ ነው፤ ሒሳብ ሳይዛመድ ሲቀር አይታገሥም። አባትየው ደግሞ ንግዱንና መንፈሳዊ ሥራውን ለይቶ አያያቸውም፤ ከድርጅቱ ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ማውጣቱን እንደ ጥፋት አይቈጥረውም። ከሁለቱ ማን እውነት ነበረው? እንደኛ አስተያየት ሁለቱም ነበራቸው። ያለ አባትየው ራእይ ሥራው አይጀመርም፤ ያለ ልጁ ሒሳብ ሥራው አይጸናም። ነገር ግን ይህን ለመነጋገር አልቻሉም። በ1878ና በ1879 ዓ.ም. መካከል አባትየው ከሥራው ወጣ፤ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ እየተቀበለ በሌስተር ተቀመጠ።

ልጁ የአባይን ሥራ እጅግ አስፋፋው። በ1884 ዓ.ም. በካርቱም የተከበበውን ጄኔራል ጎርዶንን ለማዳን የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ሲልክ፥ 18,000 ወታደር በአባይ ላይ የማጓጓዙን ሥራ የተዋዋለው ከዚሁ ድርጅት ጋር ነበረ። ይህ ዘመን ለአገራችንም ታሪክ ቅርብ ነው፤ በዚያው ዓመት በጁን ወር ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዐድዋ ከእንግሊዝ ጋር ተዋውለው፥ በደርቡሽ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረድተዋል። ጎርዶን ግን ጦሩ ሳይደርስለት በጃንዋሪ 1885 ዓ.ም. ተገደለ።

የቶማስ ኩክ እርጅና የኀዘን ነበረ። በ1880 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጁ አኒ በቤታቸው መታጠቢያ ክፍል ሞታ ተገኘች፤ በ1884 ዓ.ም. ሚስቱ ዐረፈች፤ የዓይኑም ብርሃን ጠፋ። በ1891 ዓ.ም. ድርጅቱ የ50 ዓመት በዓሉን በለንደን በታላቅ ግብዣ ሲያከብር፥ መሥራቹ በመካከላቸው አልነበረም። በመጨረሻ ዘመኑ በትውልድ ከተማው በሜልቦርን ለድኾች የሚሆኑ ቤቶች አሠራ። በጁላይ 18 ቀን 1892 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ በሌስተር ዐረፈ።

ድርጅቱ ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። የልጅ ልጆቹ በ1928 ዓ.ም. ሸጡት፤ በ1948 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ሆነ፤ ኋላም ተመልሶ ወደ ግል ባለቤቶች እጅ ገባ። በመጨረሻ ዕዳው ስለ በዛበት በሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ከነአካቴው ተዘጋ። በዚያን ቀን 150,000 የሚያህሉ እንግሊዛውያን መንገደኞች በባሕር ማዶ ስለ ነበሩ፥ መንግሥታቸው አውሮፕላን ተከራይቶ መለሳቸው። ኩክ በ1851 ዓ.ም. ወደ ለንደን ያመላለሰው ሕዝብ ቁጥርም ይህንኑ ያህል ነበረ። ስሙን አምነው ገንዘባቸውን አስቀድመው የከፈሉት ሰዎች፥ በስሙ ምክንያት በሰው አገር ቀሩ።

ወጣት አንባብያን ሆይ! ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ስለ ጉዞ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከናንተ አንዱ ለጓደኞቹ ጉዞ ያሰናዳ ይሆናል፤ ነገ ደግሞ ለአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ለአንድ አውራጃ ሕዝብ ዕቅድ ያወጣል። የሥራው ጠባይ አንድ ነው። መንገዱን አስቀድሞ በራስ እግር ሄዶ ማየት፥ ወራቱን መምረጥ፥ ውሉን በጽሑፍ ማድረግ፥ የድኻውን አቅም ማሰብ፥ ሒሳቡንም ከበጎ ፈቃዱ ጋር አስማምቶ መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ከድርጅቱ አወዳደቅ አይተናል። ሰው አደራውን ሰጥቶን ሲተኛ፥ እኛ ነቅተን የነገውን ሰፈር ልናስብለት ይገባል።