አል-ራዚ፦ ሕክምናን በንጽጽር የፈተነው ሐኪም

ከ1,000 ዓመታት በፊት የኖረ አንድ ሐኪም፣ ራስንና አንገትን የሚያም፣ ብርሃንን የሚያስጠላና እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም የጀመራቸውን ሰዎች በሁለት ወገን ለይቶ ተመለከተ። የአንደኛውን ወገን ሕሙማን በዘመኑ ልማድ መሠረት ደም ሥራቸውን በጥቶ ደም አስወጣላቸው። ሁለተኛውን ወገን ግን ሆን ብሎ ያለዚህ ሕክምና ተወው። ይህን ያደረገው ከቸልተኝነት አልነበረም፤ ደም ማስወጣት በእርግጥ ይጠቅም እንደሆነ በዓይኑ አይቶ ለመወሰን ፈልጎ ነው። በዛሬው ቋንቋ ክሊኒካዊ ሙከራ የምንለው አሠራር ታሪክ ሲነሳ የዚህ ሐኪም ስም ከቀደምቱ ተርታ ይጠራል።

አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አል-ራዚ እ.ኤ.አ. በ865 ሬይ በተባለችው ከተማ ተወለደ። ሬይ ከዛሬዋ የኢራን ዋና ከተማ ከቴህራን አጠገብ የምትገኝ፣ ከምሥራቅ ወደ ባግዳድ በሚወስደው የንግድ መንገድ ላይ የተመሠረተች ጥንታዊ ከተማ ናት። አል-ራዚ የሚለው ስምም የሬይ ሰው ማለት ነው። የጥንት ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በወጣትነቱ ዑድ ይጫወት ነበር፤ የአልኬሚ ጥበብንም፣ ማለትም ማዕድናትን እያቀለጡና እያጣሩ ባሕርያቸውን መመርመርን ተከታትሏል። ወደ ሕክምና የመጣው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነው። ዘግይቶ ቢጀምርም በትውልድ ከተማውና በባግዳድ የሆስፒታል ኃላፊ እስከ መሆን ደርሷል።

በዚያ ዘመን ሆስፒታል ቢማሪስታን ይባል ነበር፤ ቃሉ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የሕሙማን ስፍራ ማለት ነው። ስለ አል-ራዚና ስለ ባግዳድ ሆስፒታል አንድ ዝነኛ ታሪክ ይነገራል። የሚሠራበትን ቦታ ለመምረጥ በከተማይቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ሥጋ አሰቀለ፤ ሥጋው ዘግይቶ የሸተተበትን ስፍራም ንጹሕ አየር ያለው ብሎ መረጠ ይባላል። ይሁንና ታሪኩ የሚያያዘው አዱድ አድ-ዳውላ ካሠራው ሆስፒታል ጋር ነው፤ ይህም ሆስፒታል የተከፈተው አል-ራዚ ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ታሪኩ የዘመን ስሌትን ፈተና ባያልፍም፣ ሰዎች አል-ራዚን እንዴት ያስቡት እንደነበር ያሳያል፤ ከመወሰኑ በፊት የሚሞክር ሰው አድርገው ነበር የሚያዩት።

በ10ኛው ክፍለ ዘመን የባግዳድ መጻሕፍትን የመዘገበው ኢብን አን-ናዲም፣ አል-ራዚ ተማሪዎቹን እንዴት ያሠለጥን እንደነበር ጽፏል። ሐኪሙ በጉባኤው ይቀመጣል፤ ከፊቱ የራሱ ተማሪዎች፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ደግሞ የተማሪዎቹ ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ታማሚ ሲመጣ ሕመሙን መጀመሪያ ለሚያገኛቸው ይነግራል። እነርሱ መልሱን ካላወቁ ወደሚቀጥሉት ያልፋል። ሁሉም ካልቻሉ አል-ራዚ ራሱ ይናገራል። እንዲህ ያለው ትምህርት ከመጽሐፍ ንባብ ብቻ የሚገኝ አልነበረም፤ ተማሪው ታማሚውን እየሰማ፣ እየተሳሳተና እየታረመ ይማር ነበር። ኢብን አን-ናዲም ጨምሮ እንደመዘገበው አል-ራዚ ለድሆች እጅግ የሚራራ፣ ከማከምም አልፎ ከራሱ ገንዘብ የሚደጉማቸው ሰው ነበር።

አል-ራዚ ያየውን ሁሉ ይጽፋል። ተማሪዎቹ ካሰባሰቧቸው መዛግብቱ አንዱ ወደ 900 የሚጠጉ ሕሙማንን ታሪክ የያዘ ሲሆን፣ ርእሱም በአረብኛ የልምዶች መጽሐፍ ማለት ነው። በአረብኛ ታጅሪባ የሚለው ቃል ልምድንም ሙከራንም ያመለክታል፤ በአል-ራዚ ሥራ ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ከእርሱ 700 ዓመታት ገደማ ቀድሞ የኖረውን ግሪካዊውን ሐኪም ጋለንን እንደ መምህሩ ያከብረው ነበር። ሆኖም በሕሙማን አልጋ አጠገብ ያየው ነገር ከጋለን ቃል ጋር አልስማማ ሲለው፣ በጋለን ላይ ያሉትን ጥርጣሬዎች የሚዘረዝር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። መምህርን ማክበር እውነትን ከመናገር እንደማያግድም በዚሁ መጽሐፍ ተከራከረ።

ሜርኩሪ የተባለው ፈሳሽ ብረት ቢጠጣ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ በቤቱ ለነበረ ጦጣ ሰጥቶ ምልክቶቹን ተከታትሏል። ስለ ፈንጣጣና ስለ ኩፍኝ የጻፈው አጭር መጽሐፍም ሁለቱን በሽታዎች በምልክቶቻቸው ለይቶ በዝርዝር በመግለጹ ለብዙ ምዕተ ዓመታት ሐኪሞችን አስተምሯል። ፈንጣጣ የመጨረሻ ምሽጎቹን የያዘው በአፍሪካ ቀንድ ነበር፤ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976፣ ከሶማሊያ ደግሞ በ1977 ነው።

በመግቢያችን የጠቀስነው ሙከራ የሚገኘው አል-ሐዊ በተባለው ታላቅ ሥራው ውስጥ ነው። በሽታው በአረብኛ ሲርሳም ይባል ነበር፤ ዛሬ ማጅራት ገትር ከምንለው ጋር ይቀራረባል። አል-ራዚ የበሽታውን መጀመሪያ የሚያመለክቱ ነገሮችን ከዘረዘረ በኋላ ደም ማስወጣትን ይመክራል። ለምክሩም ምክንያት ይሰጣል፦ ደም ያስወጣላቸው ድነዋል፤ ሆን ብሎ የተዋቸው ግን ሁሉም በሲርሳም ተይዘዋል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሰጠሁት፣ ዳነ ይሉ ነበር። አል-ራዚ ግን ባይሰጠውስ ምን ይሆን ነበር ብሎ ጠየቀ። የማነጻጸሪያ ቡድን የሚባለው አሳብ ከዚህ ጥያቄ የሚወለድ ነው።

ይሁን እንጂ መልሱ ስሕተት ነበር። ደም ማስወጣት ማጅራት ገትርን እንደማያድን ዛሬ ይታወቃል። ያን የመሰለ ጠንቃቃ ሰው እንዴት ተሳሳተ? በእያንዳንዱ ወገን ስንት ሕሙማን እንደነበሩ አልጻፈም፤ ማን ወደ የትኛው ወገን እንደሚገባ በምን እንደወሰነም አልገለጸም። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ደካማውን፣ ሽማግሌውንና ሕፃኑን ደም ከማስወጣት ይቆጠቡ ነበር። አል-ራዚም ይህን ልማድ ተከትሎ ብርቱዎቹን ለአንድ ወገን፣ ደካሞቹን ለሌላው አድርጎ ከሆነ፣ የዳኑት በሕክምናው ሳይሆን በጉልበታቸው ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ዕጣ ነው። በ1948 በብሪታንያ ውጤቱ የታተመው የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ፣ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን 107 ሕሙማን በዕጣ ለየ። 55ቱ አዲሱን መድኃኒት ከአልጋ ዕረፍት ጋር፣ 52ቱ ደግሞ የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኞቹ 14 ሰዎች ሞቱ። ዕጣው የሐኪሙን ምርጫ ስላስቀረ፣ ልዩነቱ ከመድኃኒቱ የመጣ መሆኑን ለማመን ጠንካራ ምክንያት ተገኘ።

ከዕጣው ይልቅ የዘገየው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እርሱም ሕሙማኑ ራሳቸው ተጠይቀው ነበር ወይ የሚለው ነው። አል-ራዚ የተዋቸውን ሰዎች ስለመጠየቁ የጻፈው ነገር የለም። በ1948ቱ ሙከራም የአልጋ ዕረፍት ብቻ ያገኙት ሕሙማን በሙከራ ውስጥ መሆናቸው አልተነገራቸውም ነበር። ይህን የለወጠው ሕክምናው ሳይሆን ግፍ ነው። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ የፈጸሙት ወንጀል ለፍርድ ከቀረበ በኋላ፣ በ1947 የኑረምበርግ ደንብ የተሳታፊው ነጻ ፈቃድ ፍጹም አስፈላጊ መሆኑን አወጀ። በ1964 ደግሞ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪን መግለጫ አጸደቀ። ስለዚህ ዛሬ ክሊኒካዊ ምርምር የሚሠለጥን ሰው አስቀድሞ የሚማረው የተሳታፊውን ፈቃድ እንዴት እንደሚጠይቅ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴን ይሁንታ እንዴት እንደሚያገኝ፣ የታየውን ጉዳት ሳይደብቅ እንዴት እንደሚመዘግብ ነው።

ጉዳዩ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዋሪዎች ሩቅ አይደለም። በ2020 የኮቪድ-19 ክትባት ሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በባሕሬን ሲካሄድ፣ ከ40,000 በላይ የልዩ ልዩ አገሮች ዜጎች በፈቃዳቸው ተሳትፈዋል። እንዲህ ባለ ሙከራ እንዲሳተፍ የተጠየቀ ሰው የሙከራውን ዓላማና ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት በሚገባው ቋንቋ የመስማት፣ የእውነተኛው መድኃኒት ሳይሆን የማነጻጸሪያው ዕጣ ሊደርሰው እንደሚችል አስቀድሞ የማወቅ፣ ምክንያት ሳያቀርብ እምቢ የማለትና ከጀመረም በኋላ የማቋረጥ መብት አለው። መሳተፉም ሆነ እምቢ ማለቱ የሚገባውን መደበኛ ሕክምና ሊያስቀርበት አይገባም።

አል-ራዚ በመጨረሻ ዘመኑ በንባብና በጽሑፍ ብዛት ዓይኑ ደከመ፤ የእጁም ጡንቻ ተጎዳ። ሰው እያነበበለትና እየጻፈለት ግን ሥራውን ቀጠለ። ከመሞቱ በፊት ዓይነ ስውር ሆኖ ነበር። አል-ቢሩኒ እንደመዘገበው በ925 በትውልድ ከተማው በሬይ ዐረፈ።

ያላለቁት ማስታወሻዎቹ በእኅቱ እጅ ቀሩ። ኢብን አል-አሚድ የተባለ ቪዚር ከእርሷ ገዝቶ፣ በአል-ራዚ ተማሪዎች እጅ እንዲደራጁ አደረገ። አጠቃላይ የሚል ትርጉም ያለው አል-ሐዊ የተሰኘው ሥራ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። በ1279 ፋረጅ ኢብን ሳሊም የተባለ የሲሲሊ አይሁዳዊ ሐኪም ለንጉሥ ቻርልስ ወደ ላቲን ተረጎመው፤ በ1486ም በጣሊያን ከተማ በብሬሻ ታተመ። በአዲሱ የአረብኛ ኅትመት 23 ጥራዝ ይዟል።

ከእነዚህ ሁሉ ጥራዞች መካከል ሙከራው የሚገኘው በጥቂት መስመሮች ላይ ነው። በእነዚያ መስመሮች የሐኪሙ አሳብና ውሳኔ ሰፍሯል፤ የሕሙማኑ ቁጥርም ሆነ ፈቃድ ግን የለም። ዛሬ ማንኛውም ክሊኒካዊ ሙከራ ሲጀመር ለተሳታፊው በሚቀርበው ቅጽ መጨረሻ ላይ ለስሙና ለፊርማው የተተወ ባዶ ቦታ አለ።