በዓሉ ግርማ እና ሰው የሆኑ ገጸ ባሕርያቱ

ዘንድሮ ተማሪዎቻችን የጻፏቸውን አጫጭር ልብ ወለዶች ስናርም አንድ ነገር ደጋግሞ አጋጠመን። እንጀራ እናቶቹ በሙሉ ክፉ ናቸው። ሀብታሞቹ ሁሉ ጨካኝ፣ ድሆቹ ሁሉ ደግ ናቸው። ቆንጆዋ ልጅ ደግሞ ከቁንጅናዋ በቀር ምንም የላትም፤ ምን እንደሚያስፈራት፣ በምን እንደምትስቅ፣ ለማን እንደምትዋሽ አይነገረንም። ከሁሉ ደስ ያሰኘን የአንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ድርሰት ነበር። እሷ የጻፈችው እዚሁ ሐርጌሳ ገበያ ውስጥ ሽልንጉን እንደ ጡብ ደርድሮ ስለሚቀመጥ ገንዘብ መንዛሪ ነው። ሰውየው የአዛን ድምፅ ሲሰማ ያን ሁሉ ብር በጨርቅ ሸፍኖ፣ ለመንገደኛው ሁሉ አደራ ትቶ ወደ መስጊድ ይሄዳል። ለገዛ ታናሽ ወንድሙ ግን አንዲት ኖት አያምንም። ይህን ሰው ነገ ገበያ ወጥተን ብናገኘው የምንለየው መሰለን።

እንዲህ ያለ ሰው በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚፈጠር ስንነጋገር የአንድ ደራሲ ስም ደጋግሞ ተነሣ። በዚህ ዓመት መጽሔታችን የሕይወት ታሪኩን ልንጽፍ የመረጥነውም ለዚህ ነው።

በዓሉ ግርማ በ1931 ዓ.ም. በኢሉባቦር፣ ሱጴ በተባለች ቦታ ተወለደ። አባቱ ለንግድ የመጣ ሕንዳዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በቤት አንድ፣ በደጅ ሌላ እየሆኑ ማደግ ምን እንደሚመስል ለእኛ ልጆች ማስረዳት አያስፈልግም፤ በቤታቸው አማርኛ፣ በመንገድ ሶማሊኛ፣ በክፍል እንግሊዝኛ የሚናገሩ ናቸውና። ከሁለት ወገን የተወለደ ልጅ ሰውን ከአንድ ጎን ብቻ ማየት የሚቸግረው ይመስለናል፤ ይህ ግን የእኛ ግምት ነው።

በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዘነበወርቅ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በጄኔራል ዊንጌት ተማረ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የተማሪዎቹን ጋዜጣ አዘጋጀ፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራ። ሲመለስ ሙያው ጋዜጠኝነት ሆነ። መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድንና አዲስ ዘመንን በየተራ በአዘጋጅነት መርቷል። ጋዜጠኛ ሚኒስትሩንም ሊስትሮውንም በአንድ ቀን ያነጋግራል፤ አንዱ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሌላው ሲጠየቅ ዓይኑን ወዴት እንደሚያሸሽ ያያል። ከዚህ የተሻለ የልብ ወለድ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለንም።

የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ከአድማስ ባሻገር በ1962 ዓ.ም. ታተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ አበራ ወርቁ ነው። አበራ ጥሩ የመንግሥት ሥራ አለው፤ ልቡ ያለው ግን ሥዕል ላይ ነው። ቤተሰቡ አግባ፣ ኑሮህን ያዝ ይለዋል፤ እሱ ቀለምና ሸራ ያምረዋል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ አበራን ጀግና፣ ዘመዶቹን ደንቆሮ ያደርጋቸው ነበር። በዓሉ እንዲህ አላደረገም። ዘመዶቹ የሚሉት ነገር እውነት አለው፤ አበራም ያማርራል፣ ይወላውላል፣ ቆርጦ መነሣት ያቅተዋል። አንባቢ እያዘነለት ይናደድበታል።

በ1966 የህሊና ደወልን አሳተመ። የገጠር መምህር ሆኖ ወደ ኢሉባቦር የሚሄደውን ሐዲስ ሳህሌን የምናገኘው በዚያ ነው። ደራሲው ይህን ሰው ሊተወው አልቻለም፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ታሪኩን እንደገና ሠርቶ በ1975 ሐዲስ በሚል ርዕስ አወጣው። አንድ ድርሰት ድገሙ ስንላቸው ፊታቸውን የሚያጠቁሩብን ተማሪዎቻችን ይህን ልብ ይሉልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

በነገራችን ላይ፣ የህሊና ደወል በወጣበት ጊዜ አካባቢ በዚህኛው ወገንም ትልቅ ነገር እየሆነ ነበር። ሶማሊኛ በ1972 እ.ኤ.አ. በላቲን ፊደል መጻፍ ከጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ ፋራህ መሐመድ ጃማ አውል፣ ብዙዎች የመጀመሪያው የሶማሊኛ ልብ ወለድ የሚሉትን መጽሐፍ አሳተመ። እሱም ታሪኩን የሠራው በእውነት ከኖሩ ሰዎች ተነሥቶ ነው። የሶማሊኛ መምህራኖቻችን ስለ እሱ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

ወደ በዓሉ እንመለስ። አብዮቱ ፈንድቶ ደርግ ሥልጣን ሲይዝ እሱ በመንግሥት ሥራ ላይ ቆየ፤ እስከ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነትም ደረሰ። የዚያ መሥሪያ ቤት ሥራ ሰውን በሁለት መክፈል ነው፤ ወዳጅ ሁሉ ንጹሕ፣ ጠላት ሁሉ እርኩስ። የቀይ ኮከብ ጥሪ የተባለው ልብ ወለዱ የዚህ ወሬ ጠረን ያለበት ይመስለናል። በውስጡ ያሉት ሰዎች አንዳንዴ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ አብዮቱ የሚናገሩ ናቸው። ይህን የምንለው እሱን ለማሳነስ አይደለም፤ ትልቅ ደራሲም ገጸ ባሕርዩን የመፈክር ተሸካሚ ሲያደርገው ሰውየው እንደሚደርቅበት ለማሳየት ነው።

በዚያው በ1972 ዓ.ም. ግን ደራሲው ወጣ። በውስጡ ያለው ሲራክ ጸሐፊ ነው። አንባቢዎች በሲራክ ውስጥ የበዓሉን ወዳጅ፣ ደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ወዲያው አዩት። ሲራክ መጻፍ ይችላል፤ መኖር ግን ያስቸግረዋል። ገንዘብ አይበረክትለትም፣ ቤተሰቡን ያስከፋል፣ ቃሉን አይጠብቅም። እንዲህም ሆኖ ልንጠላው አንችልም። ወዳጅን መጻፍ ከሁሉ የሚከብድ ይመስለናል። ስናሞግሰው ውሸት ይሆናል፤ ስንነቅፈው ደግሞ ክህደት። በዓሉ በዚህ መሐል ያለውን ቀጭን መንገድ አገኘ።

በ1974 ዓ.ም. መንግሥት በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲጀምር በዓሉ ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አስመራ ሄደ። ያየውን ይዞ ኦሮማይን ጻፈ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ፣ አስመራዎች የሚሉት ነው፤ አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም እንደማለት ነው።

የመጽሐፉ ተራኪ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ እንደ ደራሲው ለቅስቀሳ ሥራ አስመራ ይላካል። አዲስ አበባ ላይ ሮማን የምትባል እጮኛ ትታ አልሄደችም፤ ትቶ የሄደው እሱ ነው። እዚያ ደርሶ ፊያሜታ ጊላይን ይወዳል። በዓሉ ለራሱ የቀረበውን ሰው ሲሥል አላዳላለትም፤ ጸጋዬ ይዋሻል፣ ይኩራራል፣ ለሚጽፈው ቅስቀሳ ራሱ እምነት ያጣል። ፊያሜታም ከአማፅያኑ ጋር ንክኪ ይኖራት ይሆን እያልን እንጠረጥራታለን፤ ፍቅሯን ግን እናምናለን። በተራራው ማዶ ያሉት ተዋጊዎች ዓላማና ብልሃት ያላቸው ሰዎች ናቸው። በዚህኛው ወገን ያሉት ባለ ሥልጣናት ደግሞ ይፈራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይቀናናሉ። ቀን ቀን ጠላትን ያለ ፊት እንዲሥል የሚከፈለው ሰው በመጽሐፉ ለሁሉም ፊት ሰጣቸው።

እኛ የምንኖረው በ1988 እ.ኤ.አ. ከአየር በተደበደበች ከተማ ነው። የወደቀው ሚግ አውሮፕላን መታሰቢያ ሆኖ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ልጆቻችን በየቀኑ በሥሩ ያልፋሉ። ስለ ጦርነት ሲጻፍ የዚያኛውን ወገን ሰው ሰው አድርጎ ማሳየት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ያንን የሚሠራ ጸሐፊም በራሱ ወገን እንዴት እንደሚታይ ለዚህ ከተማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ገበያ ላይ ብዙ ሳይቆይ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ባለ ሥልጣናቱ ራሳቸውን በገጾቹ ውስጥ አይተው ነበርና። ያመለጡት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ዕድሜው በአርባዎቹ አጋማሽ ነበር። ባለቤቱና ልጆቹ አስከሬን አልተሰጣቸውም፤ የሚያለቅሱበት መቃብርም የለም።

መጽሐፉ ግን በኋላ በተደጋጋሚ ታተመ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። የአማርኛውን አንድ ቅጂ አንድ ወላጅ ከአዲስ አበባ አምጥተው ለቤተ መጻሕፍታችን ሰጥተዋል። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት እናውሰዋለን።

የገንዘብ መንዛሪው ታሪክ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ታትሟል። መንገደኛን ሁሉ የሚያምነው ሰው ወንድሙን ለምን እንደማያምን ጸሐፊዋን ጠይቀናት ነበር። እሷም ገና አላወቀችውም፤ ለሚቀጥለው ዓመት እያሰበችበት ነው።