መውደቅን ቀድሞ የተማረው ሰው፦ ጂጎሮ ካኖ

አድጎም እንኳን ቁመቱ 1 ሜትር ከ57 ገደማ ነበር። በወጣትነቱ ደግሞ ክብደቱ 50 ኪሎ አይሞላም። ትምህርት ላይ ጎበዝ ነው፣ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ ከደህና ቤተሰብ የመጣ ነው። ጉልበተኛ ተማሪዎች እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ከሩቅ ይለዩታል። አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲገፈተርና ሲመታ ነው ያደገው።

ስሙ ጂጎሮ ካኖ ይባላል። ጁዶን የፈጠረው ሰው ነው። ዛሬ ብራዚሊያን ጂዩ ጂትሱ የምንለው ስፖርትም ከእሱ ቤት በወጣ ተማሪ በኩል የተዘረጋ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውሎ ማታ ምንጣፍ ላይ የሚንከባለል ጎልማሳ ካያችሁ፣ ሥሩ እዚህ ልጅ ጋ ይደርሳል።

ግን አንድ ጥያቄ አለ። ሲደበደብ ያደገ ልጅ ሰው የሚጥልበትን ጥበብ ሲያገኝ፣ ለምን የደበደቡትን እየፈለገ አልመታም? የካኖ ታሪክ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው።

ወጌሻ ፍለጋ

ካኖ በ1860 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሚካጌ በምትባል የባሕር ዳር ቦታ ተወለደ። ዛሬ የኮቤ ከተማ አካል ናት። ዘመዶቹ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ በመጥመቅ የታወቁ ነበሩ። እናቱ ገና በልጅነቱ ሞቱበት። ከዚያ በኋላ አባቱ ዘመናዊ ትምህርት እንዲማር ብለው ወደ ቶኪዮ አመጡት።

ጊዜው ጃፓን የተገለባበጠችበት ነው። በ1868 የሾጉኖቹ አገዛዝ ወደቀ። በ1876 ሳሙራዮች ሰይፍ ታጥቀው እንዳይሄዱ ተከለከሉ። አገሩ በሙሉ ዓይኑን ወደ አውሮፓ አዞረ፤ የድሮ ነገር ሁሉ ኋላ ቀር ተባለ። ጁጁትሱ፣ ማለትም ያለ መሣሪያ የሚደረገው የሳሙራዮች ትግል፣ ከተናቁት አንዱ ነበር። መምህራኑ ተማሪ ሲያጡ ብዙዎቹ በወጌሻነት መተዳደር ጀመሩ። ሲታገሉ የኖሩ ሰዎች የወለቀ ትከሻ መመለስ ያውቁበታላ!

ካኖ ስለ ጁጁትሱ መጀመሪያ የሰማው ከአንድ የቤተሰቡ ወዳጅ ነው። ሰውየው የሾጉን ጠባቂ የነበሩ ናቸው፤ ትንሽ ሰው ትልቁን የሚጥልበት ጥበብ እንዳለ ነገሩት። ልጁ አስተምሩኝ ብሎ ለመነ። ለዚህ ዘመን አይጠቅምም ብለው እምቢ አሉ። አባቱም ሐሳቡን አልወደዱለትም።

በ1877 ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን የሚከለክለው ጠፋ። ወጌሻ ያለበት ቦታ የጁጁትሱ ሰው አይጠፋም ብሎ አሰበና ወጌሻ እየፈለገ መዞር ጀመረ። አንዱ ወጌሻ ወደ ሌላው ላከው። እንደዚያ እያለ ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ የሚባሉ መምህር ቤት ደረሰ። ዕድሜው 17 ገደማ ነው።

ማብራሪያ የለም፣ መውደቅ ብቻ

ካኖ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሁሉንም ነገር በጥያቄ ነው የሚማረው። አንድ ቀን መምህሩ ሲጥሉት፣ እጄን የት ነው የማደርገው፣ እግሬስ ብሎ ጠየቀ። ፉኩዳ መልስ አልሰጡትም። አስነስተው ደግመው ጣሉት። እንደገና ጠየቀ፣ እንደገና ጣሉት። በቃ፣ ሰውነትህ ይማረው እንጂ አፍህ አይማረውም ማለታቸው ነው።

በዚያ ወቅት የካኖ ገላ በቁስልና በመላላጥ የተሞላ ነበር። የሚቀባው መድኃኒት ሽታ ከሩቅ ይታወቅ ስለነበር ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር። እሱ ግን ቀርቶ አያውቅም።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ይህ ልጅ ትምህርት ቤትም ሲወድቅ ነው የኖረው። ፉኩዳ ቤትም ይወድቃል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ትምህርት ቤት የሚጥለው ሰው ሊያዋርደው ነው። እዚህ የሚጥለው ሰው እጁን ይዞ ያስነሳዋል። ደግሞ አወዳደቅ ይማራል፦ አገጭን ደረት ላይ ማስጠጋት፣ ክንድን ዘርግቶ ምንጣፉን መምታት፣ ጭንቅላትን ማዳን። መቶ ጊዜ ወድቆ መቶ ጊዜ ደህና የተነሳ ሰው መውደቅን እንደ ድሮው አይፈራም። መንገድ ላይ ደረቱን ነፍቶ የሚመጣ ሰውም እንደ ድሮው አያስደነግጠውም።

ዛሬም ጁዶ ወይም ጂዩ ጂትሱ የሚጀምር አዋቂ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይኸው ነው። 35 ዓመት ሞልቶት፣ ሰው እየፈራው፣ ቢሮ ውስጥ አለቃ ተብሎ፣ ምንጣፍ ላይ ሲወጣ 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ይጥለዋል። ሲጨንቀው የባላጋራውን ሰውነት ወይም ምንጣፉን መታ መታ ያደርጋል። በቃኝ ማለት ነው። ወዲያው ይለቀዋል፣ ተነስተው ሰላም ይባባሉና እንደገና ይጀምራሉ። ተሸንፎ ምንም እንደማይሆን በየቀኑ የሚያይ ሰው፣ ቤቱም ሥራ ቦታውም የሚገጥመውን ሽንፈት ቀለል አድርጎ ይይዘዋል።

10 ለ 7

እዚያው ቤት ፉኩሺማ የሚባል ግዙፍ ተማሪ ነበር። ካኖ ሊያሸንፈው አልቻለም። መጀመሪያ የሱሞ ታጋዮችን ዘዴ ሞከረ፤ አልሆነም። ከዚያ የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፣ ወደ መጻሕፍት ሄደ። ከምዕራባውያን የትግል ዘዴ አንድ አነሳስ አገኘ፦ ባላጋራህን በትከሻህና በአንገትህ ላይ አጋድመህ ተሸክመህ መጣል። ተለማመደው፣ ፉኩሺማን ተሸክሞ ጣለው። ይህ ዘዴ ካታጉሩማ ተብሎ ዛሬም በጁዶ ውስጥ አለ።

ፉኩዳ በ1879 ሞቱ። ካኖ ኢሶ ወደሚባሉ መምህር ሄደ፤ እሳቸውም በ1881 አረፉ። ሦስተኛው መምህሩ ኢኩቦ ነበሩ። ከእሳቸው ጋር እየተለማመደ ሳለ ነው ትልቁ ነገር የገባው። ድሮ ሁልጊዜ የሚጥሉት መምህር አንድ ቀን መጣል አቃታቸው፤ እሱ ግን ደጋግሞ ጣላቸው። ሰው ከመጣሉ በፊት ሚዛኑ መሰበር እንዳለበት ደርሶበት ነበር። ኢኩቦ አልተቀየሙም። ከዚህ በላይ የማስተምርህ የለኝም ብለው የትምህርት ቤታቸውን ጥንታዊ ጥቅልሎች አስረከቡት።

ካኖ ነገሩን በቁጥር ያስረዳ ነበር። የባላጋራህ ጉልበት 10 ነው እንበል፣ ያንተ 7። ሲገፋህ መልሰህ ብትገፋው ትሸነፋለህ፣ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ሲገፋህ ግን ሚዛንህን ጠብቀህ ወደ ኋላ ብትል፣ እሱ በራሱ ግፊት ወደ ፊት ይንገዳገዳል። በዚያች ሰከንድ ከ10 ጉልበቱ የሚጠቅመው 3 ብቻ ነው። አንተ 7ህ እንዳለ ነው። ግማሹን ብቻ ተጠቅመህ ትጥለዋለህ። ጁዶ የሚለው ስም ትርጉሙም የልስላሴ መንገድ ማለት ነው።

12 ምንጣፍ

በ1882 ካኖ 21 ዓመቱ ነበር። ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ የራሱን ማሠልጠኛ ከፈተ። ስሙ ኮዶካን ነው፣ መንገዱ የሚጠናበት ቤት እንደማለት። ስፋቱ 12 ምንጣፍ ብቻ፣ የመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች ደግሞ 9 ሰዎች። ሲወድቁ ወለሉ ይሰበራል፣ መቅደሱ ውስጥ የተቀመጡት የሙታን መታሰቢያዎች እየተንቀጠቀጡ ይረግፋሉ፣ የመቅደሱ አገልጋዮች ያማርራሉ። ካኖ ቀን ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ወጪውን ለመሸፈን ደግሞ ጽሑፍ ይተረጉማል።

ከእነዚያ ጥቂት ልጆች የተነሳው ቤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፖሊስ አሠልጣኞች ጋር በተደረጉ ግጥሚያዎች ስሙን ተከለ። ካኖ አደገኛ የሆኑትን ምቶችና ስብራቶች ከነጻ ግጥሚያ አውጥቶ ነበር። በዚህ ምክንያት ተማሪዎቹ በየቀኑ በሙሉ አቅማቸው መታገል ይችላሉ፣ ማንም ሳይሰበር። ደረጃ በዳን መስጠትና ጥቁር ቀበቶ ማሰርም ከዚህ ቤት የወጣ ነው።

ችሎታና ጠባይ

ካኖ ራሱ በልጅነቱ ቶሎ የሚናደድ ሰው እንደነበር ተናግሯል። ሥልጠናው ሰውነቱን ሲያጠነክረው ንዴቱም እየበረደ እንደሄደ አስተዋለ። በ1889 ባደረገው ንግግር ጁዶ ሦስት ነገር ነው ብሎ አስረዳ፦ ሰውነትን መገንባት፣ መታገል መቻልና ጠባይን ማረቅ። ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ አደገኛ እንደሆኑ ያውቅ ነበር።

ማስረጃው ቤቱ ውስጥ ነበር። ሳይጎ ሺሮ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነው፤ እንደ ካኖ አጭር፣ ግን በችሎታው ሁሉን የሚያስደንቅ። ካኖ ለጉብኝት አውሮፓ በሄደበት ጊዜ ሳይጎ መንገድ ላይ ትልቅ ጠብ ውስጥ ገባ ይባላል። በ1890 ከኮዶካን ወጣ። ያ ሁሉ ችሎታ ከአንድ ማታ ንዴት አላዳነውም። ካኖ ግን አልረሳውም፤ በ1922 ሳይጎ ሲሞት ከፍ ያለ ዳን ሰጥቶታል።

ከዚያው የአውሮፓ ጉዞ የሚነገር ሌላ ታሪክ አለ። መርከብ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ካኖን ሊታገለው ፈለገ። ካኖ ጣለው፤ ሲጥለው ግን ጭንቅላቱ ወለሉን እንዳይመታ በእጁ ደገፈው። ያየው ሁሉ ከመጣሉ ይልቅ በመደገፉ ነው የተገረመው። ያን ጊዜ የሚገፈትሩት ልጆች እንዲህ የሚያደርግላቸው ሰው አድጎ ይወጣል ብለው ይገምቱ ነበር?

ከምንጣፉ ውጭ

ካኖ ኑሮውን ሙሉ አስተማሪ ነበር። መምህራን የሚሠለጥኑበትን የቶኪዮ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት መራ። ከቻይና የሚመጡ ተማሪዎችን ተቀብሎ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1926 ኮዶካን የሴቶች ክፍል በይፋ እንዲኖረው አደረገ።

የሐሳቡ ማጠቃለያ ሁለት መርሆች ናቸው፦ ጉልበትህን በተሻለው መንገድ ተጠቀም፣ አንተም ሌላውም አብራችሁ ተጠቀሙ። እነዚህን ለትግል ብቻ አላላቸውም። በ1932 ለኦሊምፒክ ሎስ አንጀለስ በሄደበት ጊዜ ባደረገው ንግግር፣ መናደድ ጉልበት ማባከን እንደሆነ አስረድቷል። ተስፋ የቆረጠና የከፋው ሰውም አሁን ካለበት ቦታ የሚቀጥለውን የተሻለ እርምጃ ፈልጎ ቢጀምር ጭንቀቱ ቦታ እንደሚያጣ ተናግሯል። አስቡት፣ ግጥሚያ ውስጥ ከሥር የተያዘ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ይተነፍሳል፣ ቀጥሎ አንድ ክንድ ያስለቅቃል፣ ቀጥሎ ወገቡን ያዞራል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልገላግል ካለ ይደክመዋል።

ትምህርቱን ወደ ብራዚል የወሰደው ሚትሱዮ ማኤዳ ነው። የኮዶካን ልጅ ነው፤ በ1904 ከጃፓን ወጥቶ ብዙ አገር ዞሮ በ1914 ብራዚል ደረሰ። ቤሌም ከተማ ውስጥ ካርሎስ ግሬሲ የሚባል ወጣት አስተማረ። የግሬሲ ቤተሰብ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ የሚደረገውን ትግል አጠናክሮ ያዘ፤ ብራዚሊያን ጂዩ ጂትሱም ከዚያ ወጣ።

ያላየው ኦሊምፒክ

በ1909 ካኖ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ሆነ። በ1912 ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ስቶክሆልም ላይ ስትሳተፍ ይዟት የሄደው እሱ ነው፤ አትሌቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ፣ ማራቶን ሯጩ ካናኩሪ፣ በሙቀቱ ተዳክሞ ውድድሩን ሳይጨርስ ለአዘጋጆቹ እንኳን ሳይናገር አገሩ ተመለሰ። በ1967 ስዊድኖች ጋብዘውት ቀሪውን ሮጦ ጨረሰ፤ 54 ዓመት ፈጀ ማለት ነው!

ካኖ የ1940 ኦሊምፒክ ቶኪዮ ላይ እንዲካሄድ ለዓመታት ለፋ፣ ተሳካለትም። በ1938 ካይሮ ላይ ለተደረገው ስብሰባ ሄዶ ሲመለስ ሂካዋ ማሩ በምትባል መርከብ ላይ የሳንባ ምች ያዘው። ግንቦት 4 ቀን 1938 በ77 ዓመቱ አረፈ፤ አገሩ ለመድረስ ሁለት ቀን ሲቀረው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጃፓን ከቻይና ጋር በገባችበት ጦርነት ምክንያት ኦሊምፒኩን መለሰች።

ኦሊምፒኩ ቶኪዮ የደረሰው በ1964 ነው። ያ ኦሊምፒክ እኛ አበበ ቢቂላን የምናስታውስበት ነው፤ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኖት ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያሸነፈበት። ጁዶም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው እዚያው ነው። አበበ ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን የሆላንዱ ግዙፍ አንቶን ጌሲንክ የጃፓኑን ካሚናጋ በገዛ አገሩ አሸነፈው። ሆላንዳውያን በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ጌሲንክ እጁን አንስቶ ከለከላቸው። መጀመሪያ ለተሸነፈው ሰው እጅ ነሳ።

ካኖ ይህን ለማየት አልታደለም። ግን ቁመቱ 2 ሜትር የሚጠጋ ሰው አሸንፎ የተሸነፈውን ማክበሩ፣ ያ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲገፈተር የነበረው ልጅ ለዓለም ያስተማረው ትምህርት ነው።

ከእናንተ መሀል ጁዶ፣ ጂዩ ጂትሱ ወይም ሌላ ትግል የምትሠሩ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ቀን ስትወድቁ ምን ተሰማችሁ? ጻፉልን። ልጀምር እያላችሁ የምታመነቱ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ፦ ፈጣሪው ራሱ ሲጀምር ከሁሉ በላይ የሚወድቀው እሱ ነበር።