ዦርዥ ለሜትር፦ አንስታይንንም ጳጳሱንም ያልተከተሉት ቄስ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1927 የዓለም ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቃውንት ለሶልቬይ ጉባኤ በብራስልስ ተሰብስበው ነበር። ከጉባኤተኞቹ አንዱ የነበሩት አልበርት አንስታይን በሌዮፖልድ መናፈሻ ሲዘዋወሩ አንድ የሠላሳ ሦስት ዓመት ቤልጅየማዊ ቄስ አብረዋቸው ይራመዱ ነበር። ቄሱ ዦርዥ ለሜትር ይባላሉ። በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ ዩኒቨርስ ያለማቋረጥ እየሰፋ እንደሚሄድ አስልተዋል። አንስታይን በስሌቱ ላይ እንከን አላገኙም፤ ሐሳቡን ግን በብርቱ ቃል አጣጣሉት። በእርሳቸው እምነት ዩኒቨርስ ትናንትም ዛሬም ነገም ያው ነው። በኋላ በታክሲ ሲጓዙ ለሜትር ስለ ጋላክሲዎች ፍጥነት የተገኙ መረጃዎችን አነሱ፤ ታላቁ ሊቅ በቴሌስኮፕ የተደረሰበትን ነገር በቅጡ እንዳልተከታተሉም ያን ጊዜ ተረዱ። ማስረጃ ይዘው የቀረቡት ቄሱ፣ በእምነት የጸኑት ሳይንቲስቱ ነበሩ።

ለሜትር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1894 ሻርለርዋ በተባለችው የቤልጅየም የኢንዱስትሪ ከተማ ተወለዱ። በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ተምረው በ17 ዓመታቸው ምሕንድስና ለማጥናት ወደ ሉቫን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1914 የጀርመን ጦር ቤልጅየምን ሲወርር ትምህርታቸውን አቋርጠው በፈቃዳቸው ዘመቱ፤ በመድፈኛ ክፍል አገልግለውም የጀግንነት ሜዳልያ ተሸለሙ። ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ፊታቸውን ወደ ሒሳብና ፊዚክስ አዞሩ። ዶክትሬታቸውን በ1920፣ ማዕረገ ክህነትን ደግሞ በ1923 ተቀበሉ። እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ድረስ ሁለቱንም አልተዉም።

ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ካምብሪጅ ከአርተር ኤዲንግተን፣ በአሜሪካ ሃርቫርድ ደግሞ ከሃርሎ ሻፕሊ ዘንድ ተማሩ። ጊዜው ለሥነ ፈለክ ተማሪ የተመቸ ነበር። አሜሪካዊው ቬስቶ ስላይፈር የብዙ ጋላክሲዎች ብርሃን ወደ ቀይ ያዘነበለ መሆኑን፣ ማለትም ከእኛ እየራቁ መሆናቸውን ለክተው ነበር። በ1925 መባቻ ደግሞ የኤድዊን ሃብል ግኝት አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጪ እጅግ ርቃ የምትገኝ ሌላ ጋላክሲ እንደሆነች አሳወቀ። ለሜትር በዚያው ዓመት ወደ ሉቫን ሲመለሱ ይህን ሁሉ ይዘው ነበር።

በወረቀት በኩል የነበረው ችግር ከአንስታይን ከራሳቸው የመነጨ ነው። የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳባቸው እኩልታዎች ዩኒቨርስ በአንድ ቦታ ረግቶ እንዲኖር አይፈቅዱም። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ይወጣል ወይም ይወርዳል እንጂ አየር ላይ ተንሳፍፎ አይቀርም፤ የዩኒቨርስም ነገር እንዲሁ ነው። አንስታይን ግን በ1917 የስበትን ኃይል የሚመክት አንድ ቋሚ ቁጥር በእኩልታው ላይ ጨመሩና ዩኒቨርስን አቆሙት። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፍሪድማን በ1922 የሚለዋወጥ ዩኒቨርስ በስሌት እንደሚቻል ቢያሳዩም ሥራቸው በሒሳብ ብቻ የቆመ ነበርና ሰሚ አላገኘም። ለሜትር የፍሪድማንን ሥራ ሳያውቁ ወደዚያው መንገድ ደረሱ። ከእርሳቸው የሚለዩት ሒሳቡን ከምልከታ ጋር በማገናኘታቸው ነው። የ42 ጋላክሲዎችን ርቀትና ፍጥነት አነጻጽረው የመስፋፋቱን መጠን ገመቱ፤ በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 625 ኪሎ ሜትር ይጨምራል አሉ። ቁጥሩ ዛሬ ከሚታወቀው በብዙ እጥፍ የገዘፈ ነው፤ ምክንያቱ በዘመኑ የነበሩት የርቀት ልኬቶች የተሳሳቱ መሆናቸው ነው።

ጽሑፉ በፈረንሳይኛ፣ ጥቂቶች ብቻ በሚያነቡት የብራስልስ መጽሔት ላይ በመውጣቱ ተረስቶ ቆየ። ሃብል በ1929 ተመሳሳዩን ግንኙነት በተሻለ መረጃ አሳትመው ዝናውን ወሰዱ። ኤዲንግተን በተማሪያቸው ማሳሰቢያ ጽሑፉን ዳግም ካነበቡ በኋላ በ1931 በእንግሊዝኛ እንዲወጣ አደረጉ። በትርጉሙ ውስጥ ግን የመስፋፋቱን መጠን የሚያሰላው ክፍል አልነበረም። ለብዙ ዓመታት አንዳንዶች የሃብልን ክብር ለማስጠበቅ ሆን ተብሎ ተቆርጧል ብለው ጠረጠሩ። በ2011 የተገኘ የለሜትር ደብዳቤ ጥርጣሬውን ዘጋው፤ ያስወጡት ራሳቸው ነበሩ። የተሻለ መረጃ ከወጣ በኋላ የቀድሞውን ቁጥር ማሳተም ፋይዳ የለውም ብለው ነበር። ለስማቸው የሚሳሳ ሰው እንዲህ አያደርግም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አባላት በ2018 ሕጉ የሃብልና የለሜትር ተብሎ እንዲጠራ በድምፅ ወሰኑ።

አንስታይን በ1931 ረግቶ የሚቆመውን ዩኒቨርስ ተዉት። ለሜትር ግን በዚያው ዓመት ይበልጥ አስደንጋጭ ሐሳብ አቀረቡ፦ የሚሰፋው ነገር ወደ ኋላ ቢታሰብ እየጠበበ ሄዶ ከአንድ መነሻ ይደርሳልና፣ ዩኒቨርስ ከአንድ ቀዳሚ አቶም ፈንድቶ የወጣ ነው አሉ። ይህን መምህራቸው ኤዲንግተን እንኳ ሊቀበሉት ከበዳቸው። ሌሎች ደግሞ ቄሱ ኦሪት ዘፍጥረትን በሳይንስ ካባ ሸፍነው ማስገባት ፈለጉ ብለው አሙአቸው። ፍሬድ ሆይልና ሁለት ባልደረቦቻቸው በ1948 መጀመሪያ የሌለው፣ ቁስ አካል ያለማቋረጥ የሚፈጠርበት ዩኒቨርስ የሚል ተቀናቃኝ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ታላቁ ፍንዳታ የሚለውን ስያሜ በ1949 በቢቢሲ ሬዲዮ የፈጠሩትም ተቃዋሚው ሆይል ናቸው።

ለተጠራጣሪዎቹ ፍትሕ መስጠት ይገባል፤ ሁሉም ግትር አልነበሩም። በዘመኑ ልኬት የዩኒቨርስ ዕድሜ ሲሰላ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይመጣ ነበር፤ የምድር ዐለቶች ግን ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ ያሳዩ ነበር። ልጅ ከእናቱ ሊበልጥ አይችልምና ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው። ችግሩ መቃለል የጀመረው ዋልተር ባዴ በ1952 የጋላክሲዎች ርቀት ከተገመተው እጥፍ ያህል መሆኑን ሲያስታውቁ ነው። ለሜትር በበኩላቸው መፍትሔውን የፈለጉት አንስታይን በጣሉት ቋሚ ቁጥር ውስጥ ነበር። ያ ቁጥር የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑ በ1998 ከታወቀ ወዲህ ወደ ሳይንስ ተመልሷል።

ለሜትር ከገጠሟቸው ፈተናዎች እጅግ ረቂቁ የመጣው ከወዳጅ ወገን ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1951 ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ባደረጉት ንግግር አዲሱን ሳይንስ ለፍጥረት ትምህርት ምስክር አድርገው አቀረቡት። ለሌላ ቄስ ይህ ታላቅ የምሥራች በሆነ። የአካዳሚው አባል ለሜትር ግን አዘኑ። በእርሳቸው ዘንድ ቀዳሚው አቶም ገና በምልከታ የሚፈተን መላ ምት ነው፤ ነገ ሊወድቅ ይችላል። ስለ እግዚአብሔር መኖርም ሆነ አለመኖር የሚለው ነገር የለውም፤ አማኙም ኢአማኙም በእኩል ሊመረምሩት ይችላሉ። የእምነት መደገፊያ ከተደረገ ግን ተመራማሪዎች በማስረጃ ከመመዘን ይልቅ በወገንተኝነት ይከፋፈሉበታል። በመስከረም 1952 የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በሮም ሊሰበሰቡ ሲሉ፣ ለሜትር ከቫቲካን የምልከታ ማዕከል ኃላፊ ከአባ ዳንኤል ኦኮነል ጋር መከሩ፤ ስጋታቸው ወደ ላይ ደረሰ። ጳጳሱ ለእንግዶቹ ባደረጉት ንግግር ያን አባባል አልደገሙትም።

ለሜትር ራሳቸውም በአንድ ነገር ስተዋል። ከጠፈር ወደ ምድር የሚዘንቡት ኮስሚክ ጨረሮች የቀዳሚው አቶም ቅሪት ናቸው ብለው ለብዙ ዓመታት ፈልገውታል፤ ቅሪቱ ግን በዚያ አልተገኘም። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በኒው ጀርሲ በአንድ ትልቅ አንቴና ሲሠሩ ከየአቅጣጫው የሚመጣ የማይጠፋ ጩኸት ገጠማቸው። አንቴናው ውስጥ የጎጆ ርግቦች ነበሩና ኩሳቸውን ሳይቀር ጠረጉት፤ ጩኸቱ ግን አልጠፋም። በ1965 ይፋ እንደሆነው፣ ከፍጹም ዜሮ በላይ 3 ዲግሪ ገደማ የሚሆነው ይህ ጨረር ዩኒቨርስ ገና ትኩስ ከነበረበት ዘመን የቀረ ሙቀት ነው።

በዚያን ጊዜ ለሜትር በጽኑ ታመው ነበር። ዜናውን በሰኔ 1966 በሉቫን የነገሯቸው የቀድሞ ረዳታቸው ኦዶን ጎዳር ናቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሰኔ 20 ቀን፣ በ71 ዓመታቸው አረፉ።